ጀርመን የሌለባት የጀርመን ከተማ

ሲያትል የሚኖር ሐበሻ ሌቨንወርዝን የሚያውቃት በፈረንጆች ገና ነው። ልጆቹን ጭኖ ተራራውን ይሻገራል፣ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ሲዞር ይመሽበታል፣ መብራቱ ሲበራ አፉን ይዞ ይቆማል፣ በረዶ ላይ ፎቶ ይነሳና በዚያው ሌሊት ይመለሳል። እኔም በዚያ ወቅት እሄዳለሁ፤ የምሄደው ግን ለእንጀራ ነው። ቱሪስት የሚያመላልስ ቫን እነዳለሁ። እነሱ ሲዝናኑ እኔ መሪ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ማሞቂያውን እያበራሁና እያጠፋሁ እጠብቃለሁ። ባለፈው ዐቢይ ጾም ታዲያ ባለቤቴ፣ "አንተ ሁልጊዜ የሰው ሹፌር ሆነህ ነው የምታያት፤ እስቲ ደግሞ ሰው በሌለበት ጊዜ እንሂድ" አለችኝ። በመጋቢት የሆቴሉም ዋጋ ወርዶ ነበር። ቅዳሜ በጠዋት ተነሳን። የእሑድን ቅዳሴ ማስቀረታችንን የንስሐ አባታችን አይስሙ።

ላላያት ሰው ልንገር። ሌቨንወርዝ በዋሽንግተን ግዛት፣ ከሲያትል በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በምሥራቅ፣ ከካስኬድ ተራሮች ወዲያ ማዶ ዌናቺ ወንዝ ዳር ያለች፣ 2,400 የማይሞላ ነዋሪ ያላት ትንሽ ከተማ ናት። ትንሽነቷን ግን ማንም አያስተውለውም፤ ዓይን የሚወስደው ቤቶቿ ናቸው። ጣሪያቸው ወደ ታች የተንሸራተተ፣ በረንዳቸው የተቀረጸ እንጨት፣ ግድግዳቸው ላይ ገበሬና ላም፣ መልአክና ወይን ጠጅ የተሳለባቸው፣ በደቡብ ጀርመን በባቫሪያ ተራሮች ውስጥ ያሉ የሚመስሉ ቤቶች። ባንኩ እንደዚያ ነው። ነዳጅ ማደያው እንደዚያ ነው። ማክዶናልድ ሳይቀር ስሙን በድሮ የጀርመን ፊደል ቅርጽ ጽፎ፣ በእንጨት ተከቦ ነው በርገር የሚሸጠው። ሕጉ ያስገድደዋል፤ በከተማው የንግድ ክፍል የሚሠራ ሕንፃና የሚሰቀል ማስታወቂያ ሁሉ የባቫሪያን መልክ መያዝ አለበት።

ይህን ያህል ጀርመን መስላ ግን ከተማዋን የቆረቆራት ጀርመን አይደለም። እስከ 1960ዎቹ ድረስ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ጣሪያው ዝርግ፣ ግድግዳው ቀይ ሸክላ፣ አሜሪካ ውስጥ በየባቡር ሐዲዱ ዳር እንዳሉት ከተሞች ያለ ተራ ከተማ ነበረች። ይህን መጽሐፍ ሳያነቡም ማየት ይቻላል። በገና ሰሞን ሕዝቡ ስለሚጋፋ ማንም ወደ ጓሮ አይዞርም። እኛ ግን በመጋቢት፣ በረዶው ከመንገድ ዳር ጠቁሮ እንደ ከሰል ክምር በተቆለለበት፣ የአበባ ማሰሮዎቹ ባዶአቸውን በተንጠለጠሉበት ጊዜ፣ ከፍሮንት ስትሪት ጀርባ ባለችው ቀጭን መተላለፊያ ገባን። የቆሻሻ ገንዳ፣ የወጥ ቤት ጭስ መውጫ፣ ዝገት የበላው የብረት ደረጃ፣ ከዚያ በላይ የድሮው ሸክላ። አንዱ ሕንፃ ማዕዘን ላይ ከፊት የመጣው የእንጨት ልባስ ያልቅና ሸክላው ይጀምራል። እንጨቱ በወፍራም ቡሎን ከሸክላው ጋር ታስሯል፤ ቡሎኑ ዙሪያ ዝገቱ ወደ ታች ፈስሶ ጡብ የሚያህል ቡናማ መስመር ሠርቷል። ከበላዩ ደግሞ በሸክላ የተደፈነ ቅስት መስኮት አለ፤ ድሮ መኝታ ክፍል ነበረ ይመስለኛል። ባለቤቴ እጇን በእንጨቱና በሸክላው መካከል ባለው ክፍተት አስገብታ፣ "ለካ ልብስ ነው የለበሰችው" አለች።

ልብሱን ማን አለበሳት፣ ለምንስ ለበሰች የሚለው ነው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ። መጀመሪያ ግን ከልብሱም ከሸክላውም በፊት የነበረው ይቀድማል።

አይሲክል የሚባለው ጅረት ዌናቺ ወንዝን የሚቀላቀለው ከከተማው ሥር ነው። የአካባቢው ነባር ሕዝብ፣ ራሱን ፕስኳሳ የሚለው፣ ሌላው ዌናቺ የሚለው፣ ከጥንት ጀምሮ ሳልመን ዓሣ የሚያጠምደው እዚህ ነበር። ሌሎች ጎሣዎችም ለዓሣው ሲሉ ከሩቅ ይመጡ ነበር። በሰኔ 1855 የዋሽንግተን አገረ ገዢ አይዛክ ስቲቨንስ ዋላ ዋላ ላይ ጎሣዎቹን ሰብስቦ ሲፈራረም፣ ያካማ ከሚባሉት ጎሣዎች ጋር በተደረገው ስምምነት 10ኛ አንቀጽ አንድ ቦታ ለብቻው ተለይቶ እንዲቀር ተጻፈ፤ ወርዱም ቁመቱም 6 ማይል የሆነ የዌናቻፓም ማጥመጃ። በወረቀት ደረጃ ግልጽ ነው። መሬቱ ላይ ግን ማንም ሳይቀይሰው ወደ 40 ዓመት ገደማ ቆየ። በ1893 ቅየሳው ሲመጣ የመንግሥት ወኪሉ ወሰኑን ከወንዞቹ መገናኛ አርቆ ወደ ተራራ ገፋው። በማግሥቱ ዓመት መንግሥት ያንኑ ይዞታ ከያካማዎች ላይ በ20,000 ዶላር ገዛ። ውሉ የዌናቺዎቹን ዓሣ ሲሸጥ ሻጮቹ ግን እነሱ አልነበሩም። የየግል መሬት እንደሚሰጣቸው ተነገራቸው፤ መሬቱን አላገኙም። ብዙዎቹ ኮልቪል ወደሚባለው የነባር ሕዝብ ይዞታ ተበተኑ።

ቅየሳው ለምን በ1893 መጣ? ባቡር ስለመጣ ነው። ግሬት ኖርዘርን የተባለው የባቡር ኩባንያ ከሚኒሶታ ተነስቶ ሐዲዱን እየዘረጋ በ1892 እዚህ ደረሰ፤ በጥር 1893 ተራራውን አልፎ መስመሩን እስከ ባሕሩ ዳር አገናኘ። የመሬት ነጋዴዎች ተከትለው ገቡ። መሬቱን ሸንሽኖ የሸጠው ኩባንያ ፕሬዚዳንት ቻርልስ ሌቨንወርዝ ይባል ነበር፤ ስሟም ከዚያ መጣ። በ1906 በሕግ ከተማ ተባለች። በነገራችን ላይ ከሲያትል ስትመጡ የምትሻገሩት ስቲቨንስ ፓስ የሚባለው የተራራ በር ስሙን ያገኘው ከዚያ ከአገረ ገዢው አይደለም። ጆን ስቲቨንስ ከሚባል የባቡር መሐንዲስ ነው፤ በሩን መርጦ ያወጣው እሱ ነው፤ በኋላም የፓናማ ቦይ ሥራ ዋና መሐንዲስ ሆኗል። ሁለት ስቲቨንስ በአንድ ወንዝ ላይ፤ አንዱ ፈረመ፣ ሌላው ሐዲድ አነጠፈ።

ከዚያ በኋላ ያለው 20 ዓመት የከተማዋ ጥጋብ ነው። ላም-ዴቪስ የተባለ የእንጨት ኩባንያ በ1903 መሰንጠቂያ ተከለ፤ በግዛቱ ከነበሩት ትልልቆቹ አንዱ ነበር። ግንዱን ለማንሳፈፍ ወንዙን ገደበ። ግድቡ ከፈረሰ በኋላ የቀረው ደለል ዛሬ ብላክበርድ ደሴት የሚባለው መናፈሻ ነው፤ ሰው ውሻውን የሚያናፍስበት ጥላ ያለው ቦታ። እኛም እሑድ ጠዋት ሄድንበት፤ ከሥሩ የመሰንጠቂያ ኩሬ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። የባቡሩ ጥገናና የሠራተኛ ማዘዣ ጣቢያም እዚሁ ነበር። ሆቴሎች፣ መጠጥ ቤቶች፣ ደመወዝ ቀን ላይ የሚጨፍሩ ግንድ ቆራጮች።

ተራራው ግን ባቡርን አይወድም። በመጋቢት 1 ቀን 1910 ሌሊት ከበሩ በስተ ምዕራብ ዌሊንግተን በሚባል ጣቢያ የበረዶ ናዳ ሁለት የቆሙ ባቡሮችን ጠርጎ ገደል ከተታቸው። 96 ሰው አለቀ። በአሜሪካ ታሪክ እንደዚያ ሰው የጨረሰ ናዳ የለም። ኩባንያው ከዚህ በኋላ ተራራውን ከታች የሚበሳ ረጅም ዋሻ ይመኝ ጀመር፤ በ1929 የተከፈተው አዲሱ ዋሻ 12 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት አለው። ከዋሻው ጋር መስመሩንም አስተካከለ፤ ተምዋተር በሚባለው ጠባብ ሸለቆ ይሄድ የነበረውን ሐዲድ አንስቶ በሰሜን በቸምስቲክ ሸለቆ አዞረው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1920ዎቹ መጀመሪያ የማዘዣ ጣቢያውን ወደ ዌናቺ ከተማ ወስዶት ነበር። መሰንጠቂያውም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከተማዋ ባቡሯንም እንጨቷንም አጣች።

ዛሬ ወደ ሌቨንወርዝ የሚያስገባችሁ አስፋልት በተምዋተር ሸለቆ ውስጥ የሚያልፈው በዚያው ባቡሩ ጥሎት በሄደው መደብ ላይ ነው። እኔ ይህንን ያወቅሁት ከማንበቤ በፊት በእጄ ነው፤ መሪው ይነግራችኋል። መኪና መንገድ ሲሆን ዳገቱ ይሰበራል፣ ይታጠፋል፣ ይቸኩላል። ይህኛው ግን ኩርባው ሰፊ ነው፣ ሽቅቡ አንድ ዓይነት ነው፤ ሐዲድ እንጂ መኪና ያላሰበው መንገድ መሆኑ ያስታውቃል። እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። አባቴ ጡረታ እስኪወጡ የምድር ባቡር ሰው ነበሩ። ድሬዳዋ ራሷ በ1902 የተወለደችው ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ ነው፤ ባቡር የወለዳት ከተማ ባቡር ሲቆምባት እንዴት እንደምትሆን ደግሞ ቤታችን ውስጥ አይቼዋለሁ። ለገሃር ፊት ለፊት የነበረው ሻይ ቤት፣ ከጂቡቲ የሚመጣውን የሚጠብቁት ነጋዴዎች፣ ሰዓቱን በፉጨት የሚያውቀው ሰፈር፤ ሁሉም አንድ ቀን አልጠፋም፤ እየሳሳ ሄደ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመጣም ጣቢያው ከከተማው ውጭ ሆነ። ስለዚህ ሌቨንወርዝ ከ1930 እስከ 1960 ምን እንደመሰለች መጽሐፍ ሲነግረኝ፣ አቦ፣ ለእኔ አዲስ ወሬ አይደለም።

ሠላሳ ዓመቱን ፖምና ፒር ተለቀመ፣ ትንሽ እንጨት ተሰነጠቀ፣ በክረምት ደግሞ በበረዶ ላይ ዝላይ ውድድር ይደረግ ነበር፤ የአገሪቱ ሻምፒዮና ሳይቀር እዚህ ተካሂዷል። ግን በውድድር ቀን ብቻ ከተማ አይኖርም። ወጣቱ ሄደ፣ መደብሮቹ መስኮታቸውን በጣውላ መቱ።

አሁን ወደ ልብሱ እንምጣ። በ1962 ነዋሪዎቹ ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ልማት ባለሙያዎችን ጠርተው ፕሮጀክት ላይፍ ያሉትን ጀመሩ። ስሙ ትልቅ ነው፤ ሥራው ግን ስብሰባ ነበር። ኮሚቴ፣ ንዑስ ኮሚቴ፣ መጠይቅ፣ የጽዳት ዘመቻ። ነገሩን የገፉት ደግሞ በአብዛኛው ቬስታ ክለብ የሚባል የሴቶች ማኅበር አባላት ናቸው። የዕድርና የማኅበር ነገር ለሚያውቅ ሰው ይህ አይገርምም፤ ወንዱ "የት ይደርሳል" እያለ ሲያፌዝ ሴቶቹ ደብተር ይዘው ስም ይጽፋሉ።

የባቫሪያን ሐሳብ ያመጡት ግን ከውጭ የገቡ ሁለት ሰዎች ናቸው። ቴድ ፕራይስና ቦብ ሮጀርስ የሚባሉ ሸሪኮች በ1960 ከከተማው በስተ ምዕራብ ኮልስ ኮርነር በተባለው መገንጠያ ላይ ስኩዊረል ትሪ የሚባል የመንገድ ዳር ምግብ ቤት ገዝተው ነበር። ሮጀርስ ከጦርነቱ በኋላ በወታደርነት ባቫሪያን አይቷል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ ሶልቫንግ የምትባል የዴንማርክ መልክ ያላት ከተማ ነበረች፤ ቱሪስት በዚህ ዓይነት ሲጎርፍ ያዩት እዚያ ነው። ልዩነቱ ሶልቫንግን በ1911 የቆረቆሯት እውነተኛ ዴንማርካውያን መሆናቸው ነው። ሌቨንወርዝ ግን የባቫሪያ ዘር የላትም፤ ያላት የባቫሪያን የመሰለ ተራራ ብቻ ነው። ሁለቱ ሰዎች ያሉት በአጭሩ ይኸው ነው፤ ጀርባው ተሠርቶ ቆሟል፣ የቀረው ፊቱ ነው።

ሁሉም "ይሁን" አላለም። ከጀርመን ጋር የተደረገው ጦርነት ካበቃ ገና 20 ዓመቱ ነበር። ገንዘቡስ? የመጀመሪያዎቹ ሰዎች የፌዴራል መንግሥት የከተማ ማደሻ ገንዘብ አልወሰዱም፤ የየራሳቸውን ሕንፃ በየራሳቸው ኪስና ዕዳ ሠሩ። ላቨርን ፒተርሰን የምትባል ሴት የቺካሚን ሆቴል ባለቤት ነበረች፤ በ1965 የሆቴሏን ፊት አስቀየረችና ኤደልቫይስ ብላ ሰየመችው። በከተማው የመጀመሪያው ልብስ የለበሰ ሕንፃ እሱ ነው። ፖሊን ዋትሰንና ባለቤቷ ኦወን፣ ሌሎች ጥቂቶችም ተከተሉ። ቀድሞ የወጣ ሰው ምን እንደሚሰማው እገምታለሁ፤ በዙሪያዋ ያሉት መስኮቶች በጣውላ ተመትተው፣ እሷ ብቻ በተቀረጸ በረንዳ፣ ጎረቤቱ መንገድ ዳር ቆሞ እያየ። ሆቴሏ ባይሞላ ኖሮ ዛሬ ታሪኩ የአንዲት ሞኝ ሴት ታሪክ ሆኖ ይነገር ነበር።

እዚህ ላይ ሌቨንወርዝን ከሌሎቹ የለየው ነገር አለ። ጣውላ ላይ ቀለም ቀብተው አልተዉትም። ከሶልቫንግ ኧርል ፒተርሰን የሚባል ነዳፊ አመጡ፤ ቀጥሎ ሃይንዝ ኡልብሪክት የተባለ ጀርመን ተወላጅ መጣ። ኡልብሪክት የጣሪያው ዘንበል፣ የበረንዳው ቅርጽ፣ የሥዕሉ ቦታ እንደ አገሩ ካልሆነ የማይለቅ ሰው እንደነበር ይነገራል። ሥራውም ይመሰክራል። ፍሮንት ስትሪት ላይ ቀና ብላችሁ የበረንዳ መደገፊያ እንጨቶቹን ተመልከቱ፤ ጫፋቸው ሁሉ ተጠርቧል፣ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ማንም ባያየው ኖሮ ያለ ቅርጽ ሊቀር የሚችል ቦታ ነው። አናጺ የሆነው የባለቤቴ ወንድም ቢያይ ግማሽ ቀን እዚያ ይቆም ነበር።

የመኸሩ የቅጠል በዓል ቀደም ብሎ በ1964 ተጀምሮ ነበር፤ ሕንፃዎቹ ሲለብሱ በዓሉም ሰፋ። የገናው መብራት ተከተለ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሉክ የተባለው መጽሔት ከሌሎች ጋር ይሰጠው የነበረውን የመላ አሜሪካ ከተማ ሽልማት ወሰዱ። ከዚያ ወዲያ ሌቨንወርዝን መኮረጅ ሥራ ሆነ፤ በሰሜን ያለችው ዊንትሮፕ በ1972 የካውቦይ ከተማ ሆነች። ፕራይስ በኋላ መጽሐፍ ጽፎ "ተአምር ከተማ" ብሏታል።

ተአምር የሚለው ቃል አይጥመኝም። ዕዳ ገብቶ የሠራ ሰው ተአምር አላደረገም፤ ዕዳውን ከፈለ። "የውሸት ከተማ" የሚሉትም ሰዎች አይጥሙኝም፤ ተሳፋሪዎቼ መካከል በየዓመቱ አንድ አይጠፋም፣ አውሮፓ የኖረና የሚስቅ። የተራበ ሰው ምን ልብስ መልበስ እንዳለበት የጠገበ ሰው አይነግረውም። ከሌቨንወርዝ ወረድ ብላ ያለችው ካሽሚር ላይ ከ100 ዓመት በፊት ሁለት አርመን ስደተኞች ራሐት ሎኩም የሚባለውን የአገራቸውን ጣፋጭ በፖም ጭማቂ እየሠሩ መሸጥ ጀምረው ነበር፤ ስደት በአፍ ሲገባ እንደዚያ ነው። እውነተኛዎቹ ስደተኞች ጣፋጭ አመጡ፣ ቤታቸውን አልቀየሩም፤ ስደተኛ የሌላት ከተማ ቤቷን ቀየረች። ሁለቱም ኖሩበት።

ጾም ይዞ ቋሊማ ወደሚያጨስ ከተማ መሄድ ግን የራሱ ፈተና አለው። ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ አንድ ምግብ ቤት ገባን። ባዶ ነበር። ጨው ነስንሰው የሚያኮመጥጡትን ጥቅል ጎመን ስናይ ደስ አለን፤ ባለቤቴ ደጋግማ ስትጠይቅ የአሳማ ስብ አለበት። ድንቹ እንቁላል አለበት። ዳቦው ቅቤ ተቀብቷል። አስተናጋጇ፣ ከኩሽናው ጋር በስፓኒሽ የምትነጋገር ልጅ፣ አዝናልን ሌላ ዳቦና ሦስት ዓይነት ሰናፍጭ አመጣች። ሰናፍጭ በዳቦ በላን። ማታ ሆቴል ገብተን በፔርሙስ የያዝነውን ሽሮ አወጣን።

ያቺን ልጅ ከየት እንደምትመጣ ጠየቅኋት። የምትኖረው ዌናቺ ነው፤ እዚህ ቤት ተከራይቶ መኖር ለእሷ የሚታሰብ አይደለም። ይህ የልብሱ ዋጋ ነው። ባቡሩ ሥራውን ይዞ ወደ ዌናቺ እንደሄደ ሁሉ አሁን ሠራተኛው በጠዋት ከዌናቺ ይመጣል፣ ማታ ይመለሳል። በዓሉም አብሮት መሄድ ጀመረ፤ ከ1998 ጀምሮ የሚደረገውን ኦክቶበርፌስት አዘጋጆቹ በ2022 ወደ ዌናቺ ወስደውታል። ባቡርስ? በ2009 አይሲክል የሚባል ትንሽ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ተከፈተና ከሲያትል ቺካጎ የሚሄደው መንገደኛ ባቡር ይቆምበታል። ለተሳፋሪ እንጂ ለእንጀራ አይደለም፤ ቢሆንም የሐዲድ ልጅ ነኝና ደስ ብሎኛል።

እሑድ ከመመለሳችን በፊት 7,000 የሚያልፉ የለውዝ መስበሪያ አሻንጉሊቶች የተደረደሩበትን ሙዚየም ለማየት ባለቤቴ ፈልጋ ነበር። እኔ ወደ አይሲክል ጅረት ይዣት ሄድኩ፤ እስካሁን ትወቅሰኛለች። እዚያ የፌዴራል መንግሥት የዓሣ ማርቢያ አለ። ኮሎምቢያ ወንዝ ላይ ግራንድ ኩሊ ግድብ ሲሠራ ሳልመኑ ወደ ላይ የሚወጣበት መንገድ ተዘጋ፤ ማርቢያው ለዚያ ካሣ ተብሎ በ1940 ገደማ ተሠራ። በጊዜው በዓለም ትልቁ ነበር። የዌናቺ ሰዎች ዛሬም የሚያጠምዱት እዚሁ አጠገብ ነው። መብታቸውን ግን ማንም በችሮታ አልሰጣቸውም። በ1894 ያለ እነሱ የተሸጠውን ነገር ይዘው ፍርድ ቤት ቆዩ፤ በ2010 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የዌናቺዎች የማጥመድ መብት አልጠፋም፣ ከያካማዎች ጋር እኩል ይዘውታል ብሎ ወሰነ። 116 ዓመት።

የእኔ ፍርድ ይኸው ነው። ሌቨንወርዝ በጀርመን ልብሷ ማፈር የለባትም፤ የራሷ ሰዎች በራሳቸው ገንዘብ የሰፉት ነው። የሚያሳፍረው ከልብሱ ሥር ካለው ሸክላም ሥር ያለው ነው፤ ያንን ደግሞ በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጠው ጎብኚ ሳያየው ይመለሳል፣ የእኔ ቫን ተሳፋሪዎችም ጭምር። ስለዚህ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ ወገኖች፣ ከገና ውጭም ሂዱ። ከፍሮንት ስትሪት ወደ ዓሣ ማርቢያው በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው፤ መግቢያው በነፃ ነው፤ ዓሣው ከባሕር የሚመለሰው ከግንቦት እስከ ሐምሌ ነው።